አሮጌ መኪና ለምን ገዛሁ? ክረምቱንስ የት ታሳልፍ?

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ ፔታሕ ቲክቫ ነው። አማርኛዬ ከእናቴ ጓዳና ከዚህ የቅርስ ክፍል የተገኘ ስለሆነ ስህተት ብታገኙበት እንደ ልጅ ስህተት ቁጠሩልኝ። የመኪና ዕቃዎችን ስም አብዛኛውን የማውቀው በዕብራይስጥ ነው፤ አያቴ ደግሞ የሚያውቁት የማረሻና የማጭድ ስም ነው። ስለዚህ እኔና እሳቸው መኪናው ሥር ስንገባ በስም ሳይሆን በጣት እየጠቆምን ነው የምንግባባው።

መምህራችን ስለ ቅርስ አንድ ሐሳብ ያዘለ ጽሑፍ ጻፉ ስትለን፣ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ቡና፣ ስለ ስግድ፣ ስለ እንጀራ ጻፉ። ደግ አደረጉ። እኔ ግን ስለ መኪናዬ ልጽፍ ነው። ይህ ከቅርስ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፦ ልጃችሁ አሮጌ መኪና ገዝቶ በገዛ እጁ ልጠግን ሲላችሁ ወዲያው እምቢ አትበሉት። ቅድመ ሁኔታ አስቀምጡለት እንጂ አትከልክሉት። ሁለተኛም፣ ዝናቡ እስኪያልፍ ድረስ ዕቃውን የሚያስጠልልበት ቦታ አብራችሁ ፈልጉለት፤ መኪናውን ከመግዛት ይልቅ ከባዱ ነገር እሱ ሆኖ ስላገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስከረም 2024 ከከተማችን ብዙ በማይርቅ አንድ ሞሻቭ፣ ከብርቱካን ዛፎች አጠገብ ለዓመታት የቆመች አንዲት የ1971 ቮልስዋገን አገኘሁ። እዚህ አገር ሒፑሺት ይሏታል፣ ጥንዚዛ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ግን ቮልስ ነው የምትባለው። ሞተሯ አይነሳም፣ የኋላ መቀመጫዋ ተቀዷል፣ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ተጨማድዷል። ባለቤቷ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው አይፈልጓትም። ሁለት በጋ ዕቃ በመሸከምና በሠርግ አዳራሽ ሳህን በማጠብ ያጠራቀምኩትን 8,000 ሸቀል ሰጥቼ ወሰድኳት። ገና 16 ዓመቴ ስለነበር የተመዘገበችው በአባቴ ስም ነው።

አባቴ ስሙን የሰጠው ግን በቀላሉ አይደለም። መጀመሪያ ነገሩን ስነግረው ሹካውን አስቀመጠና "አንተ ልጅ፣ እኔ በ1991 ወንበሩ ተነቅሎ በወጣለት አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጬ የመጣሁት ልጄ ዘይት የጠጣ ልብስ እንዲለብስ አይደለም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ መኪና ቢነሳ ከቤት ይወጣ ነበር። እኔ በጊዜው የተቆጣው ስለ ገንዘቡ መስሎኝ ነበር። ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

ጉዳዩን ወደ ሽምግልና የወሰዱት አያቴ ናቸው። ሦስት ምሽት ተነጋገርን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልሰማሁትን ነገር የሰማሁት በሁለተኛው ምሽት ነው። አያቴ ጎንደር ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ፎቶግራፍ ባይኖርም ሲወራ ሰምቻለሁ። የማላውቀው፣ አባቴ ሕፃን ሳለ ወናፍ ይነፋላቸው እንደነበር፣ ወደ ገበያ ማጭድ ይዞ ሲወርድም ልጆች "የቡዳ ልጅ" እያሉ ድንጋይ ይወረውሩበት እንደነበር ነው። አባቴ ይህን ሲናገር ወደ አያቴ አላየም፤ ወደ ጠረጴዛው ነበር የሚያየው። "እጄ ላይ ጥቁር ነገር ሲኖር አሁንም እደብቀዋለሁ" አለ።

እናንተ ሽማግሌዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ቤተ እስራኤል ርስት መያዝ ከተከለከሉ በኋላ ብዙዎቹ የሌላ ሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩና ሸማ እየሸመኑ ነው የኖሩት። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ማረሻውን የሚሠራለት ደግሞ የእኛ ሰው ነው። ነገር ግን ያው ገበሬ ማረሻውን ተቀብሎ ሲሄድ ሠሪውን ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይላል። በዕለት ኑሮው የሚያስፈልገውን ሰው መናቅ እንዴት እንደሚቻል ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በሸክላዋ ነው፤ አገር ጎብኚ ሁሉ እየቆመ ይገዛል። ሠሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ዛሬ እዚህ አገር ናቸው። ጥበቡንም ስድቡንም እዚያው ትተን የመጣን ይመስለኛል። እኔ የምለው፣ ስድቡ እዚያው ይቅር፣ ጥበቡ ግን ለምን ይቅር?

አያቴ በሦስተኛው ምሽት የፈረዱት ፍርድ ይህ ነበር፦ መኪናዋ ትገዛ፤ ትምህርቱ ከቀነሰ ትሸጥ፤ ቴስት ሳታልፍ አንድ ሜትር በመንገድ ላይ አትነዳ፤ ልጁም ሁሉን ሥራ በእጁ ይሥራ፣ የማያውቀውን ብቻ ወደ ጋራዥ ይውሰድ። አባቴ ፈረመ። እኔም እጃቸውን ሳምኩ።

እዚህ ላይ ስለ ቮልስ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አያቴ መኪናዋን መጀመሪያ ሲያዩ "ይቺ ጃንሆይን የወሰደቻቸው አይደለችም?" አሉ። እውነታቸውን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ማለት ነው፣ ደርግ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ባወረደበት ጠዋት ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ ነው። ያን ያህል የተንቆጠቆጠ መኪና ከነበራቸው ንጉሥ በዚህች ትንሽ መኪና መወሰዳቸው ሆን ተብሎ ይሁን ወይስ በአጋጣሚ፣ አያቴ እስከ ዛሬ ከጓደኞቻቸው ጋር ይከራከሩበታል።

ቮልስ የማን አሳብ እንደነበረችም አልደብቅም። የጀርመን ሕዝብ መኪና ተብላ የታቀደችው በናዚዎች ዘመን ነው። ከእኛ ፎቅ በታች ያሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን፣ ቤተሰባቸው በአውሮፓ ያለቀባቸው ናቸው፣ መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "መኪናው ምን አደረገ፣ እኔ ግን አልገባበትም" አሉኝ። ይህም መብታቸው ነው፤ አላስቸግራቸውም። ከዚያ ወዲህ የቆመችው እሳቸው በመስኮት በማያዩበት በኩል ነው።

ለምን እሷን እንደመረጥኩ ለሚጠይቁኝ መልሴ ቀላል ነው፤ የምትገባኝ መኪና ስለሆነች ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ሞተሩ ከማርሹ ሳጥን ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። አራቱን ፈትቶ፣ የጋዙን ገመድና የነዳጁን ቱቦ አላቅቆ፣ ሁለት ሰው አውርዶ መሬት ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኔና የአጎቴ ልጅ በአንድ ዓርብ ጠዋት አውርደነው ለሰንበት ምሳ ሳይሆን ለሰንበት መግቢያ ደርሰናል። የዛሬ መኪና ሲበላሽ መብራት ያበራና ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ቮልስ ስትበላሽ ወይ ብልጭታ የላትም ወይ ነዳጅ አልደረሳትም፤ ሁለቱንም በዓይን ማየት ይቻላል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 ነው። ስለዚህ መለዋወጫ አይጠፋም። የራሳችን አገር ሱሲታም ነበረች፣ ሃይፋ ትሠራ የነበረችው የፋይበር ግላስ መኪና፣ ግመል ይበላታል ተብሎ የሚቀለድባት። አንዷን አይቼ ነበር፤ መለዋወጫዋን ከየት አመጣለሁ ብዬ ተውኳት።

ኢትዮጵያ ውስጥ አሮጌ መኪና ማደስ የድህነት ብቻ ሳይሆን የችሎታ ጉዳይም ነው። ወላጆቻችን አዲስ አበባ ሆነው ጉዟቸውን ሲጠብቁ የተሳፈሩባቸው ሰማያዊና ነጭ ላዳዎችና ፊያቶች አውሮፓ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ቀድሞ ተጨፍልቀው ነበር። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ያውቃል፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የተጣለው ብረት ማጠፊያና መቀርቀሪያ ይሆናል፣ ያለቀው ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል። እርግጥ ዛሬ እዚያም ነገሩ ተለውጧል። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሎ ሰውን ወደ ኤሌክትሪክ እየመራ ነው። ቢሆንም ያለው መኪና በሰው እጅ ይኖራል፣ የሚጠግነውም ሰው ይኖራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። የመጀመሪያው ክረምት ጥፋት የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።

ክረምት ሲባል ወላጆቻችን ሐምሌንና ነሐሴን ያስባሉ። እዚህ አገር ግን ሐምሌ ድርቅ ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከስግድ አካባቢ ጀምሮ ነው፣ እስከ ፋሲካም ያልፋል። እኔ መኪናዋን የገዛሁት በመስከረም ስለሆነ ሞተሩን ሳልጨርስ ዝናቡ ደረሰብኝ። መረጃ ፈልጌ ያነበብኩት ሁሉ የጀርመኖችና የካናዳውያን ምክር ነበር፤ ስለ በረዶ፣ መንገድ ላይ ስለሚበተን ጨው፣ ስለ መቀዝቀዝ። እዚህ በረዶ የለም፣ ስለዚህ ምንም አይሆንም አልኩ። ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ፣ አፈር ላይ አቆምኳትና በወፍራም ናይለን ጥቅልል አድርጌ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ አስሬ ሄድኩ። እጅግ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በሚያዝያ 2025፣ የፋሲካ ጽዳት ሲጀመር፣ ናይለኑን ገለጥኩ። ሽታው መጀመሪያ ነው የመጣው። በር ስከፍት የውስጥ ጨርቁ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። የወለሉ ብረት ከባትሪው ሥር በመዶሻ ሳይሆን በጣቴ ተበሳ። አይጦች የመቀመጫውን ሙሌት፣ ያ ዘመን ሙሌቱ የተክል ጭረት ነው፣ አውጥተው ጎጆ ሠርተውበታል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦም በልተዋል። የእጅ ፍሬኑን ስቤ ስለሄድኩ የኋላ ፍሬኖች ከከበሮው ጋር ተጣብቀው አንድም ጎማ አልዞር አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ፈቃድ የሌላት መኪና ስለሆነች አንሱ የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባታል። አባቴ ወርዶ አየ። ምንም አላለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አያቴ ግን በከዘራቸው ወለሉን ነካ ነካ አደረጉና "ጎተራ ለምንድን ነው ከመሬት ከፍ ተደርጎ የሚሠራው?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። "እህል ይተነፍሳል። መሬት ላይ አስቀምጠህ አፉን ብትደፍነው በራሱ ላብ ይበሰብሳል። ብረትም እንደዚያው ነው" አሉኝ። ሳስበው ልክ ናቸው። የእኛ አገር ክረምት ቀን ፀሐይ ይወጣል፣ ሌሊት ይበርዳል። ቀን ከእርጥቡ አፈር የሚነሳው እንፋሎት ናይለኑ ሥር ይታፈናል፤ ሌሊት ሲበርድ ውሃ ሆኖ ብረቱ ላይ ይወርዳል። እኔ መኪናዋን ከዝናብ ጠብቄ በየሌሊቱ እኔው ዝናብ አዘንብባት ነበር ማለት ነው። ይህን የነገሩኝ ጀርመኖቹ አይደሉም።

ስለዚህ ሌላ ልጅ እንደ እኔ እንዳይሆን የተማርኩትን ልጻፍ፤ ወላጆችም ልጃችሁ በትክክል እየሠራ መሆኑን ታዩበታላችሁ። መኪና ክረምቱን የምታሳልፈው በጠንካራ ወለል ላይ ነው፤ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት፣ አፈርና ሣር ላይ በፍጹም። በላይዋ ጣሪያ፣ በጎኗ ነፋስ ይኑር። ከሁሉ የሚሻለው በብዙ የፔታሕ ቲክቫ አሮጌ ሕንፃዎች ሥር ያለው በምሰሶ የቆመ ክፍት ቦታ ነው። ከመሬት በታች ያለ ጋራዥ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ኃይለኛ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚገባበት አለ፤ አስቀድማችሁ ጎረቤት ጠይቁ። መሸፈኛው የሚተነፍስ ጨርቅ ይሁን። እኔ አሁን የተጠቀምኩት አሮጌ የአልጋ ልብስና በላዩ የመኪና ጨርቅ ነው፤ የእናቴ ነጠላ እንዳይሆን ተለምኜ ተጠንቅቄያለሁ።

ከመቆሟ በፊት ታጥባ በደንብ መድረቅ አለባት፤ ጭቃ ካለ እርጥበት ይይዛል። ዘይቱም ከመቆሟ በፊት ይቀየር እንጂ ከተነሳች በኋላ አይደለም፤ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ብረት የሚበላ አሲድ ስላለ ወራቱን ሙሉ ሞተሩ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የቮልስ ሞተር ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ወጪው ቀላል ነው። የነዳጅ ጋኑ ይሞላ፤ ባዶ ከሆነ ውስጡ ያለው አየር ውሃ ይፈጥርና ጋኑ ከውስጥ ይዝጋል። ባትሪው ይውጣ፤ በወር አንድ ጊዜ ቻርጅ ይደረግ። በቮልስ ላይ ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ የሚንጠባጠበው አሲድ ወለሉን ይበላል፤ የመቀመጫው ብረት ባትሪውን ነክቶ እሳት የተነሳባቸውም አሉ። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፉ። የጎማው አየር ትንሽ ከፍ ይበል፤ ካልሆነ በአንድ ጎን ይተኛል። ያልተቀባ ብረት ሁሉ ዘይት ወይም ቅባት ይቀባ። አያቴ በአገር ቤት ማረሻ ሲቀመጥ ሞራ ቀብተው እንደሚሰቅሉት ነግረውኛል፤ እኔ ሞራ አልተጠቀምኩም፣ ለአይጦች ድግስ ይሆናልና።

አንድ የማይደረግ ነገር አለ፤ እሱንም አድርጌዋለሁ። ሞተሩን ስፈታ ዕቃዎቹን በሕንፃችን መጠለያ ውስጥ በካርቶን ደርድሬ ነበር። ሰው ሁሉ ያደርገዋል፣ ብስክሌቱ አለ፣ ፍሪጁ አለ። በሰኔ 2025 የኢራን ሚሳይሎች ሲመጡና እዚሁ ከተማችን ውስጥ የመኖሪያ ሕንፃ ተመትቶ ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያ ሌሊት አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ የእኔ ካርቶን ላይ ተሰናክላለች። ምንም አልሆነችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግስቱ ሁሉንም አወጣሁት፤ የሌሎቹን ዕቃ ጭምር። መጠለያ መጋዘን አይደለም። ለዚህ ነው ቦታ የምጠይቀው።

ተቃውሞዎቻችሁን አውቃለሁ፤ በቤቴ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ።

ባቡር ተሠርቶልሃል ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ቀላሉ ባቡር ከፔታሕ ቲክቫ እስከ ባት ያም ይሄዳል፣ እኔም እሄድበታለሁ። ግን እኔ ቮልስን የምፈልጋት ወደ ሥራ ለመሄድ አይደለም። 30 ዓመት ያለፈው መኪና እዚህ አገር እንደ ስብስብ መኪና ሊመዘገብ ይችላል፤ የዓመት ክፍያው በጣም ይቀንሳል፣ ነገር ግን በሥራ ቀን ጠዋት ከ7 እስከ 9፣ በእናንተ አቆጣጠር ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፣ መንዳት ክልክል ነው። ይህ ሕግ ጥሩ ነው፤ መኪናዋ ለምን እንደሆነች ያስታውሳል።

አደገኛ ናት ትሉኛላችሁ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ኤር ባግ የላትም፣ የነዳጅ ጋኗ ከፊት ነው፣ ፍሬኗም የዛሬን ያህል አይዝም። ልጁ ይህን የማያምን ከሆነ አትግዙለት። እኔ መንጃ ፈቃድ የተማርኩት በአስተማሪው መኪና ነው፤ አብሮኝ ትልቅ ሰው መቀመጥ ያለበትን ስድስት ወርም፣ ሦስቱን ቀንና ሌሊት፣ ሦስቱን ሌሊት ብቻ፣ የጨረስኩት በአባቴ ማዝዳ ነው። አዲስ ወጣት ነጂ ብቻውን ሲሆን ከሁለት ተሳፋሪ በላይ መጫን አይችልም። በቮልስ ግን እኔ አንድም ጓደኛ አልጭንም፣ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ድረስ።

የሚከብደው የእናቴ ተቃውሞ ነው። እናቴ የምትፈራው ፍሬኑን አይደለም፣ ፖሊስን ነው። "የእኛ ልጅ፣ አሮጌ መኪና፣ ማታ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ደስ አይለኝም" ትላለች። በ2015 ዩኒፎርም የለበሰ የእኛ ወታደር ሆሎን ውስጥ በፖሊሶች ሲደበደብ በቪዲዮ ከታየ በኋላ፣ በ2019 ደግሞ ሰሎሞን ተካ ኪርያት ሃይም ውስጥ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ እሷም ከሰልፈኞቹ መሐል ነበረች። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አክስቴ ቤት ተውታኝ ሄደች። ስለዚህ ፍርሃቷን አልስቅበትም። የመድንና የቴስት ወረቀቱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ አኖራለሁ፤ መብራቶቹንም ከመነሳቴ በፊት እህቴ ቆማ ታያቸዋለች። ግን እናቴን አንድ ነገር ጠይቄያት ነበር፦ "እማዬ፣ የሌላው ልጅ አሮጌ መኪና ሲነዳ ጎበዝ ይባላል፤ እኔ ሰው እንዳይጠረጥረኝ ብዬ የምወደውን ነገር ልተው?" መልስ አልሰጠችኝም። እኔም መልሱን አላውቀውም። ልጆቻችን በፍርሃት ልክ እየጠበቡ እንዳያድጉ ግን እናንተ ሽማግሌዎች ብትመክሩበት ደስ ይለኛል።

ትምህርቱስ? የሚለው አለ። ወላጆች ሁሉ ዶክተርና ኢንጂነር ይፈልጋሉ። እኔ በሒሳብ ደካማ ነበርኩ። ክፍልፋይ የገባኝ የሞተር ቫልቭ ክፍተት በአሥረኛ ሚሊሜትር ስለካ ነው። ሁሉም ልጅ በዚህ ይማራል አልልም፤ አንዳንዱ መኪና ገዝቶ ሳይጠግናት ትምህርቱንም ሳይዝ ይቀራል፣ አይቻለሁም። ታናሽ እህቴ ግን ዕድሜዋ 14 ሆኖ አይጥ የበላውን ሽቦ ከእኔ ቀድማ አግኝታ ቀጥላዋለች፤ የኤሌክትሪኩን ንድፍ ከእኔ በተሻለ ታነባለች። እሷንም ማንም ሴት ልጅ ብረት አትነካም አላላትም። አያቴ ብቻ "ሴት አያትሽም ሸክላዋን ስትተኩስ ከእኔ ይልቅ እሳት ታውቅ ነበር" አሏት።

የተጨማደደውን የፊት ጭቃ መከላከያ ያቀኑት አያቴ ናቸው። በስጉላ ያለ አንድ ጋራዥ አዲስ ግዛ ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሐምሌ አያቴ ወንበር አስመጡ፣ ከሥሩ የአሸዋ ከረጢት አስቀመጡ፣ የሽቦ ብሩሽና ትንሽ መዶሻ ያዙ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ክንዳቸው ይንቀጠቀጣል። መዶሻው ብረቱን ሲነካ ግን አይንቀጠቀጥም ነበር። ቀስ እያሉ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ በሌላ በኩል ሆኖ ብረቱን ያዘላቸው። እጁ ጠቆረ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ሳሙና ብቻ አመጣሁ።

አሁን መኪናዋ ያለችው በአጎቴ ሕንፃ ምሰሶዎች ሥር፣ በተውሶ ቦታ ነው። ጎረቤቶቹ ታግሠውናል፣ ግን እስከ መቼ እንደሚታገሡ አይታወቅም። እኔም ትምህርቴን ስጨርስ ወታደር ቤት እገባለሁ፤ ያኔ መኪናዋ አንድ ክረምት ሳይሆን ሁለት ሦስት ክረምት መቆም ሊኖርባት ነው። እህቴ በወር አንድ ጊዜ ሞተሩን ልታስነሳ፣ አያቴም ሊቆጣጠሯት ተስማምተዋል።

በክፍላችን ብቻ አሮጌ መኪና ወይም ሞተር ሳይክል ለመጠገን የሚፈልጉ አምስት ልጆች አሉ። ልመናችን ይህ ነው፦ ከእናንተ መካከል ጣሪያ ያለው፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ፣ ከስግድ እስከ ፋሲካ ባዶ የሚቀር ቦታ፣ መጋዘንም ይሁን የሕንፃ ሥር፣ ያለው ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ ለመምህራችን ይንገርልን። ኪራዩን በጋራ እንከፍላለን፣ መድኑን እኛ እንይዛለን፣ ዘይት መሬት ላይ እንዳይፈስ ካርቶንና አሸዋ እናነጥፋለን። ሰንበት ሥራ የለም። ቁልፉ በአንድ ሽማግሌ እጅ ይሁን። አያቴ እሳቸው ሊይዙት ፈቃደኛ ናቸው፤ ነገር ግን ሻይ እንዲፈላላቸው ይፈልጋሉ፣ እሱንም እናፈላለን።